ግራውንድ ላይ ከሻወር ወለል የሚወጣው ፍሳሽ የማን ነው?

ይህ ክር፣ ማለትም በአንዲት ሴት ጥያቄ ሥር የተደረደሩት ምላሾች፣ በጣም ረዝሟል፤ መሃል ላይም ጠብ ገብቶበታል። ቁም ነገሩ በጠቡ ውስጥ እንዳይጠፋ ብዬ ከላይ እስከ ታች አንብቤ የተባለውን በራሴ አባባል ጽፌዋለሁ። ቁጥሩ የምላሾቹ ተራ ነው። እኔም ከመላሾቹ አንዱ ነኝ። የብሎካችን ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ጉዳዩ በጣም ያገባኛል። የማልስማማበት ቦታ ላይ ሐሳቤን ጨምሬያለሁ።

የክሩ መነሻ

ክሩን የከፈተችው ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም ላይ ግራውንድ የምትኖር እናት ናት። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የሻወሩ ውሃ የሚወርደው እየዘገየ ነው። ሽንት ቤት ሲለቀቅ ደግሞ ከሻወሩ መውረጃ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ አንድ እሁድ ጠዋት፣ እሷ አንድም ቧንቧ ሳትከፍት፣ ጥቁር ውሃ ከሻወሩ ወለል ገንፍሎ ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ገባ። ውሃው ላይ የሳሙና አረፋ ነበረበት። በዚያ ቀን ግን እሷ ልብስ አላጠበችም። የጠራችው ሠራተኛ አየት አድርጎ ሴራሚኩ መፍረስ አለበት አላት። ታስፈርስ ወይስ ትቆይ? ወጪውስ የእሷ ብቻ ነው? ጥያቄዋ ይኸው ነበር።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 አይዞሽ ብሎ ጀመረ። በቅን ልብ ነው የጻፈው። ምክሩ ግን ኮስቲክ ሶዳ ገዝቶ በሙቅ ውሃ መልቀቅ ነበር። ምላሽ 2 ደግሞ ባሰ። ሶዳው እምቢ ካለ አሲድ እንድትደግምበት፣ በመጨረሻም በበረኪና እንድታጥበው መከራት።

ምላሽ 3 የሳኒተሪ ሠራተኛ ነው። ሥራውን ኖሮበት እንደሚያውቀው ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ቆጣ ብሎ ነው የገባው፤ መቆጣቱም ልክ ነው። ውሃ የተኛበት ቱቦ ውስጥ የተጨመረ ሶዳ የተደፈነው ቦታ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ሽቦ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ ዓይን ላይ ነው የሚረጨው። ሶዳና አሲድ ሲገናኙ ይፈላሉ፣ ይፈናጠራሉ። አሲድና በረኪና ከተገናኙ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ የኮንዶሚኒየም ሻወር ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ ያንን መተንፈስ ሳንባን ያቃጥላል። ብዙ ቤት የአሲዱ ጠርሙስና በረኪናው ሽንት ቤቱ ጥግ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። እባካችሁ ለያዩዋቸው።

ምላሽ 4 በትህትና አንድ ነገር ጠየቀች። የተደፈነው የራስ መስመር ይሁን የጋራው በምን ይታወቃል? ክሩ ፍሬ ማፍራት የጀመረው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ምላሽ 5 ላይ የሳኒተሪ ሠራተኛው ተመልሶ መጣ፤ ንዴቱም በርዶለታል። የኩሽናው ሲንክ ብቻ ከዘገየ ችግሩ ያለው ሲንኩ ሥር ነው። ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ ሲፎኑን (ከሲንኩ ሥር ያለውን የታጠፈ ቱቦ) ፈትቶ ማጠብ ይበቃል። የእጅ መታጠቢያው ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፀጉር ነው። ሽንት ቤቱ፣ ሻወሩና ሲንኩ አንድ ላይ ካስቸገሩ ግን ችግሩ ዋናው መስመር ላይ ነው። ቡልቅታውም ምልክት ነው። የሚለቀቀው ውሃ መውጫ ስላጣ አየሩን በሻወሩ በኩል ይገፋዋል።

ከዚያ ወደ ክሩ ባለቤት ጉዳይ ገባ። የታፈነ ውሃ የሚወጣው በመጀመሪያ ካገኘው ዝቅተኛ ቀዳዳ ነው። በቤቱ ውስጥ ዝቅ ያለው የሻወሩ ወለል ነው። በሕንፃው ውስጥ ደግሞ ግራውንዱ ነው። ከላይ አራት ፎቅ ሙሉ የሚለቀው ውሃ በአንድ ቱቦ ይወርዳል። ታች መንገዱ ከተዘጋ ተመልሶ 4ኛ ፎቅ አይወጣም። ቧንቧ ሳይከፈት ውሃ መምጣቱና ያልታጠበ ልብስ አረፋ መታየቱ የተደፈነው ከእሷ ሻወር ወዲያ መሆኑን ይናገራሉ። ስለዚህ ሴራሚክ ማፍረስ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከሱ በፊት ብዙ መታየት ያለበት ነገር አለ።

ምላሽ 6 የእኔ ነው። ማንሆሉን ከፍታችሁ እዩ ነው ያልኩት። የቤቱ ቱቦ የሚገባበት የመጀመሪያው ማንሆል ደረቅ ከሆነ የተደፈነው በቤቱና በማንሆሉ መሃል ነው። ሞልቶ ከተኛ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ወደ ታች እየሄዳችሁ ቀጣዩን ክፈቱ። መጨረሻ ባገኛችሁት ሙሉና በመጀመሪያው ደረቅ ማንሆል መሃል ነው የተደፈነው። ለዚህ ክዳን የሚያነሳ ብረትና የእጅ ባትሪ በቂ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ፊታችሁን ከጉድጓዱ አፍ አርቁ። ክብሪትና ሲጋራ አይቅረብ። ሕፃናት ይራቁ። ጎርጓሪው ደግሞ ፌሮ አይጠቀም። ፌሮ ፒቪሲውን (የፕላስቲኩን ቱቦ) መታጠፊያው ላይ ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነትም መቆፈር ይመጣል። ለዚህ ሥራ የተሠራው የሚጠማዘዝ ረጅም ሽቦ ይሻላል። ዋናው መስመር ከሆነም በግፊት ውሃ የሚያጸዳ መኪና ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ላላችሁ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የጥሪ ቁጥር 906 ነው።

ምላሽ 7 እና 8 ማንሆሉ የት እንዳለ አናውቅም አሉ። አንዷ ጋ ታች ያለው ሱቅ በረንዳውን ሲያሰፋ ሴራሚክ አንጥፎበታል። ሌላው ጋ የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ ኮንክሪት ፈሶበታል። ምላሽ 9 ከዚህ ተነስቶ ስለ መኪና ማቆሚያ ጠብ ብዙ ጻፈ፤ እሱን አልፈዋለሁ። የተሸፈነ ማንሆል ግን ቀላል ነገር አይደለም። ክዳኑ ሲሸፈን ፍሳሹ ውጭ ገንፍሎ መውጫ ያጣል፤ ያኔ የቀረው መውጫ የግራውንዱ ሳሎን ነው። ማንሆሉ ከቤቱ ወለል ዝቅ ብሎ፣ ክዳኑም ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚሞላው ግቢው ነው። ግቢ መሙላቱ መጥፎ ነው፤ ሳሎን ግን አይገባም።

ምላሽ 10 ላይ ጠቡ ተጀመረ። ጸሐፊው 4ኛ ፎቅ ይኖራል። እሱ ቤት አንድ ጠብታ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ብር አያዋጣም። ግራውንድ ያሉት ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ያገኛሉ። እሱ ግን ግፊቱ ስለማይደርስ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። እነሱ የእሱን ጀሪካን ተሸክመውለት አያውቁም። ሁሉም የየራሱን ይቻል አለ። አነጋገሩ ጎርበጥ ቢልም የጀሪካኑ ነገር እውነት ነው። ብሎካችን ላይም አየዋለሁ።

ምላሽ 11 አልማረውም። ፎቁን የሰጠን ዕጣ ነው፣ ማንም መርጦ ግራውንድ አልገባም አለ። አንተ የለቀቅከው እሷ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው፤ ካላመንክ ሄደህ እየው ሲልም ጨመረበት። ምላሽ 12 ተሰርዟል። ከገጠር ስለመጡ ሰዎች የተጻፈ ስድብ ነበር፤ አወያዩ ማጥፋቱ ተገቢ ነው።

ምላሽ 13 ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። ረጋ ብሎ ጻፈ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል። የጋራውን የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማህበር ነው፤ ለጋራ ወጪም ሁሉም ያዋጣል። አንድ ቤት ብቻ የሚጠቀምበት ቱቦ የዚያ ቤት ጣጣ ነው። ከላይ እስከ ታች ሁሉንም እያገለገለ የሚወርደው ቱቦና ከሱ ወዲያ ያሉት ማንሆሎች ግን የጋራ ናቸው ሲል አስረዳ። የማህበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ብሩ መሰብሰብ ያለበት ፍሳሹ ከመምጣቱ በፊት ነው አለ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሳሎኗ በፍሳሽ የተጥለቀለቀ ሴት በየበሩ እየዞረች ብር ስትለምን ማየት ያሳፍራል።

ምላሽ 14 ላይ ያለችው ከየካ አባዶ ነው የጻፈችው። በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ የእሷ ምላሽ ነው። የ4ኛ ፎቁን ሰውዬ አልተሳደበችም። ጀሪካኑን አንስታ ወደ ራሱ ጉዳይ መለሰችው። ሽንት ቤት ሲለቀቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ገፍቶ ነው ቆሻሻውን የሚወስደው። የሽንት ቤቱ ታንከር እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይለቃል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው ይቆጥባል፤ በጆግ ሁለት ሊትር ያህል ይደፋል። ያቺ ውሃ ሶፍቱን ከዓይን ታርቀዋለች እንጂ ማንሆል አታደርሰውም። ቆሻሻው አግድም በተኛው ቱቦ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው ይመጠጥና ይደርቃል፣ የነገው ይደረብበታል። ከዚያ ውሃው ይመጣል። ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ልብስ ያጥባል፣ ሮቶ ይሞላል፣ ገላ ይታጠባል። የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይነቀልና አንዱ መታጠፊያ ላይ ሄዶ ይሸጎጣል። ስለዚህ የላይኛው ውሃ ማጣትና የታችኛው ፍሳሽ አንድ ችግር ናቸው። መፍትሔዋም ቀላል ነው። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አይደፋ፤ በባልዲ ይቀመጥ። ሽንት ቤት ላይ በጆግ አሥር ጊዜ ከመርጨት አንድ ሙሉ ባልዲ በአንዴ መድፋት ነው።

ምላሽ 15 የ4ኛ ፎቁ ሰውዬ ነው። ይቅርታ አላለም። ግን ባልዲው ስንት ሊትር መሆን እንዳለበት ጠየቀ። አሥር ሊትር ይበቃል ተባለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ምላሽ 16 ከለንደን ነው። እዚያ በ2017 እ.ኤ.አ. ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር መንገድ ሥር 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን የረጋ ስብ ተገኝቶ እንደነበር ጻፈ። የምግብ ዘይትና ስብ ከሕፃን መጥረጊያ ዋይፕስ ጋር ተጣብቆ ነው እንደዚያ የሆነው። ፓኬቱ ላይ ሽንት ቤት ውስጥ መጣል ይቻላል ቢልም ዋይፕስ እንደ ሶፍት ውሃ ውስጥ አይፈርስም። የእኛ ቤት ቅቤና ጮማም ከዚያ አይተናነስም አለ።

ከምላሽ 17 እስከ 20 ያለው የኩሽና ወሬ ነው። ወዲያ ወዲህ ቢልም ወድጄዋለሁ። አንዷ ስለ ዶሮ ላባ አነሳች። ለበዓል ዶሮው ሲገነጠልና ሲታጠብ ትንንሾቹ ላባዎች ከውሃው ጋር ሲንኩ ውስጥ ይገባሉ። ያጠበው ሰው ንጹሕ ነገር የደፋ ይመስለዋል። ላባው ግን ሲፎኑ መታጠፊያ ላይ ይያዝና ከኋላው የመጣውን ቅቤ ያጠራቅማል። ሌላው ስለ ፈርስ ጻፈ። ኮሙናሉ አጠገብ በሬ ታርዶ ፈርሱ በቅርብ ያለ ማንሆል ውስጥ ሲገፋ በዓይኑ አይቷል። ያ ሳርና ገለባ ነው፤ ውሃ አያሟሟውም። የቡና አተላ፣ የጠላ አተላ፣ የተረፈ ሊጥ፣ ድስት የተፈተገበት አመድ፣ ሁሉም ታች ሄደው ይረጋሉ። ቅቤና ጮማ ትኩስ ሆኖ ሲደፋ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲደርስ ይረጋል። ሙቅ ውሃ ማስከተሉም የሚረጋበትን ቦታ ራቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ድስቱን በሶፍት ጠርጎ ወደ ቆሻሻ መጣያ መጣል፣ ከዚያ ማጠብ ነው። ሲንኩ ላይ ደግሞ ወንፊት ማድረግ።

እዚህ ጋ አንዱ ጥፋቱን ሁሉ የቤት ሠራተኞች ላይ ጣለ። ምላሽ 19 በደንብ መለሰችለት። ልጅቷ ኮንዶሚኒየም ገብታ የማታውቅ ከሆነ ሞዴስ የት እንደሚጣል ማን ነገራት? ሽንት ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው ቅርጫት ተቀምጦላታል? ብዙ ቤት የለም። ሳያሳዩ መውቀስ ግፍ ነው። የእኔም አቋም ይኸው ነው፤ ቅርጫቱን ዛሬውኑ ግዙ።

ምላሽ 21 ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰች። ሴራሚኳን አላስፈረሰችም። ከኮሚቴው ጋር ሆነው ማንሆሎቹን በተራ አስከፈቱ። አንደኛውና ሁለተኛው ሞልተው ነበር። ሦስተኛው የሱቅ በረንዳ ሥር ተገኘ፤ እሱ ደረቅ ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ ተቃወመ፤ በኋላ ራሱ መሮ ይዞ መጣ። ከታች ወደ ላይ ሽቦ ሲገባ የወጣውን ዘርዝራ ጽፋለች። ዋይፕስ፣ ሞዴስ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ አንድ የሕፃን ካልሲ። ከሁሉ ሥር ደግሞ ቱቦው ውስጥ የደረቀ፣ የቱቦውን ቅርጽ የያዘ የጄሶ ግግር ነበር። ግማሽ ጨረቃ ይመስላል አለች። እሱ ሲነቃነቅ ውሃው በአንዴ ወረደ። ወጪው ለየቤቱ ተካፈለ፤ 4ኛ ፎቁም ከፍሏል።

የጄሶው ነገር የሳኒተሪ ሠራተኛውን መልሶ አመጣው። ምላሽ 22 ላይ እንደጻፈው ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ፊኒሺንግ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት መውረጃዎቹን ሁሉ በላስቲክና በጨርቅ መወተፍ ነው። ጄሶ ሠሪውና ሴራሚክ አንጣፊው ማታ ሲወጡ ባልዲያቸውንና ማንኪያቸውን ሻወር ውስጥ ያጥባሉ። ያ ታች ሄዶ ድንጋይ ይሆናል፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሌላው የመስመሩ ቁልቁለት ነው። ለተለመደው 110 ሚሊሜትር ቱቦ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር መውረድ ይገባዋል። ከዚያ ካነሰ ቆሻሻው ይቀመጣል። መታጠፊያውም በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ከሚሆን በሁለት ባለ 45 ቢሆን ፍሳሹ ሳይያዝ ያልፋል። አሁን ለምትሠሩ ሰዎች ግራውንዱ ከላዩ ቱቦ ጋር ሳይገናኝ ራሱን ችሎ ማንሆል ቢገባ የዚህ ክር ጣጣ ግማሹ አይኖርም ነበር።

ምላሽ 23 ወጣ ያለ ጥያቄ ይዞ መጣ። ቪላ ነው ያለው፤ ሴፕቲክ ታንክ አለው። ሰፈሩ መረሬ አፈር ነው። በክረምት ፍሳሽ የሚመጥ መኪና አምጥቶ ካስመጠጠ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል፤ የተታለለ መስሎታል። ምላሽ 24 አልተታለልክም አለው። መረሬ አፈር ክረምት ላይ ራሱ ውሃ ስለጠጣ ከታንኩ የሚወጣውን አይቀበልም። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ደግሞ የመሬቱ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚከፍለው የዝናብ ውሃ ለማስነሳት ነው። ማስመጠጥ ያለበት በበጋ፣ አፈሩ ደርቆ ሳለ፣ ዝቃጩ ከታንኩ ሲሶ ሳያልፍ ነው። የተቀበረው የፕላስቲክ ታንክ ከሆነም በክረምት ባዶ ማድረግ አደገኛ ነው። የመሬቱ ውሃ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ቱቦዎቹም ይበጠሳሉ። አሸንዳውን ወደ ታንኩ ያገናኘ ደግሞ ያላቅቅ። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ከጣለ 2,000 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ለኮንዶሚኒየም ማንሆልም እኩል ይሠራል። የዝናብ ውሃና ፍሳሽ መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ምላሽ 25 ርካሽ መንገድ አለ ብሎ ጻፈ። የቀን ሠራተኛ ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ዝቃጩን በባልዲ ማስወጣት። ምላሽ 26 በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የከረረው መልስ ነው፤ አንድም ቃል አልቀንስበትም ነበር። ሰው ትገድላለህ አለው። በሰፈሩ የሆነውን ተናገረ። አንዱ ወጣት ገባና ወደቀ። ሊያወጣው የወረደው ጓደኛውም እዚያው ቀረ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ትንሽ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ማሽተቻውን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሽታ የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ሚቴንም አለ፤ እሱ በክብሪት ይፈነዳል። ክዳኑ ለጥቂት ሰዓት ተከፍቶ ቆይቷል ተብሎ አይገባም። በአፍንጫ ላይ ነጠላ ማሰርም አያድንም። ሰው ከወደቀ ተከትሎ መግባት የለም። የአደጋ ሠራተኞች ይጠሩ። እኔ ይህን ምላሽ አትሜ የብሎካችን መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ምላሽ 27 ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የገዛችው ቤት አሮጌ ስለሆነ ቱቦው ከሸክላ የተሠራ ነው፤ የዛፍ ሥር በመገጣጠሚያው ገብቶ ይዘጋዋል። አሜሪካ ቤት ለምትገዙ ሰዎች የሰጠችው ምክር ጥሩ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ቱቦው በካሜራ ይታይ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የሚመጣን ፍሳሽ አይሸፍንም፤ ለብቻው ተጨምሮ መገዛት አለበት። ቤዝመንት የሚያከራዩ ሐበሾች ይህን እንዲያውቁት አደራ ብላለች።

ምላሽ 28 ፍሳሹ ከገባ በኋላ ቤቱ እንዴት እንደሚጸዳ የጠየቀ ነው። ነርስ የሆነች አባል መለሰች። መጀመሪያ ለላይኞቹ ነግሮ ውሃ መልቀቁን ማስቆም። ውሃው ወደ ሶኬትና ማከፋፈያ ከተጠጋ ደረቅ ቦታ ቆሞ ብሬከሩን ማውረድ፤ ደረቅ ቦታ ከሌለ አለመንካት። ቦቲና ጓንት። ፍሳሽ የጠጣ ፍራሽና ምንጣፍ ቢያሳዝንም ይወገዳል። ወለሉ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። በረኪና ቆሻሻ ላይ ከተደፋ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበት፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ መስኮት ይከፈት። ወለሉ ላይ የሚድህ ሕፃን ካለ እስኪደርቅ ሌላ ቤት ይቆይ። አተት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው አለች።

ምላሽ 29 ይህ ሁሉ ፍሳሽ የት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል ተብሎ ተመለሰለት። ከዚያ ወሬው ወደ አቃቂ ወንዝና በፍሳሽ ስለሚለማ ጎመን ሄደ። እሱ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።

ምላሽ 30 እሷ ቤት ፍሳሽ የለም፤ ሽታ ብቻ ነው ያለው አለች። ውሃ ሲጠፋ ወለሉ መውረጃ ሥር ያለው ውሃ ይደርቃል። ጋዙን የሚያግደው እሱ ነበር። አንድ ጆግ ውሃ መድፋት ይበቃል። ቤቱ ተዘግቶ የሚከርም ከሆነ ከላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ማድረግ መድረቁን ያዘገየዋል። ዘይት ቱቦ ውስጥ አይደፋ ካልን በኋላ ይህን መምከር የሚጋጭ ይመስላል። አንድ ማንኪያ ግን ቱቦ አይዘጋም።

ምላሽ 31 የክሩ ባለቤት ናት። ፍሳሹ ተመልሶ እንዳይገባ ቼክ ቫልቭ ላስገጥም ወይ ብላ ጠየቀች። ምላሽ 32 የሳኒተሪ ሠራተኛው ነው። ይገጠማል፤ ግን በእሷ ቤት መስመር ላይ ብቻ። የጋራው ቱቦ ላይ ከተገጠመ የላዩን ሁሉ ይይዛል። ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማንሆሉ ይዙር። ከላዩ የሚከፈት ክዳን ያለው ይመረጥ፤ ሴራሚክ ሥር አይቀበር። ማንሆሉ ሞልቶ ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት እሷም ውሃ መልቀቅ የለባትም፤ የራሷ ውሃ ነው ቤቷ የሚቀረው። ቫልቩ ውስጥ የሚዘጋው ምላስ ላይ አንዲት ክር እንኳ ከተጠመጠመ አይገጥምምና ከበዓል በኋላና ክረምቱ ሳይገባ ተከፍቶ ይታጠብ።